ጋሽ ዘውዴ ገልብጠው የያዙት ጭራ

ሰው አገር ላይ ሰው ቶሎ ይሸመግላል። ዕድሜውን አይደለም የምላችሁ፤ ማዕረጉን ነው። አዲስ አበባ ብሆን ኖሮ በአርባ ስድስት ዓመቴ ሠርግ ላይ ወንበር የምደረድር፣ ቢበዛ ቢበዛ ለስላሳ የማድል ጎልማሳ ነበርኩ። ካምፓላ ግን የሽማግሌ ድርቅ አለ። ስለዚህ ጆሮ ግንዱ ላይ ሦስት ሽበት ያበቀለና ቁም ሣጥኑ ውስጥ አንድ ደህና ኮት የሰቀለ ሰው ሁሉ ይመለመላል። እኔ ሽበቱም ኮቱም አለኝ። በዚያ ላይ ሥራዬ ማስተርጎም ነው፤ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ሲቸግር ደግሞ በተሰባበረ ሉጋንዳ የአንዱን ነገር ለሌላው አቀብላለሁ። «አንተማ በአፍህ የምታድር ሰው ነህ» እያሉ ትዳር በፈረሰበትም፣ ትዳር በታሰበበትም ይወስዱኛል።

ሽምግልናን በሩቁ የሚያውቅ ሰው የአፍ ሥራ ይመስለዋል። ተሳስቷል፤ የእግር ነው። ለጋብቻ ልጅ ልትጠይቁ ሰው ቤት ትሄዳላችሁ። አባት «ግቡ፣ ተቀመጡ» ይላሉ። እናንተ «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» ብላችሁ ትገተራላችሁ። ያን የመሰለ ሶፋ እያያችሁ፣ ከጓዳ የሚመጣው የወጥ ሽታ እያወዳችሁ ትቆማላችሁ። አባትም በበኩላቸው ልጃቸው እንዳትቀልል ቶሎ እሺ አይሉም። «ዘመድ ላማክር» ብለው ይሸኟችኋል፤ በሌላ ጊዜ ተመልሳችሁ እንደገና ትቆማላችሁ። ይህን ሥርዓት የሠሩ ሰዎች ስለ ብዙ ነገር አስበዋል፤ ስለ ሽማግሌ ጉልበት ግን አንድም ቀን ያሰቡ አይመስለኝም።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ሙሉቀን ኦልድ ካምፓላ ውስጥ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ የሚሸጥ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ሥራውን አክባሪ ሰው ነው። ማህሌት ሙየንጋ ላይ ካለ አንድ ክሊኒክ ነርስ ናት። አራት ዓመት ተዋደዋል። ችግሩ አባቷ ናቸው፤ ሻምበል ደምሴ። ሻምበል በድሮው ጦር ውስጥ ምልምል ወታደር ሲያሠለጥኑ የኖሩ፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ኪሱጉ ውስጥ ከአንድ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ሆነን ሄድን፤ ሁለት ጊዜ መለሱን። በመጀመሪያው «ዘመድ ላማክር» አሉ፤ ደንብ ነው ብለን ወጣን። በሁለተኛው ግን ምክንያት እንኳ ሳይሰጡ «አይሆንም» አሉ። ካምፓላ ውስጥ የሚማከር ዘመድ እንደሌላቸው እናውቃለን። ማህሌት ያለ አባቷ ምርቃት አላገባም ብላለች። ሙሉቀን ደግሞ ልቡ ዝሎ «ሦስተኛው ካልሆነ ሱቁን ዘግቼ ጁባ እሄዳለሁ» አለ። ይህን ሲል ዓይኑ ውስጥ እንባ ነበረ፤ አየሁት። ለሦስተኛ ጊዜ ስንዘጋጅ ቀልዱ አልቆ ነበር ማለት ነው።

ሦስት ነበርን። አንዱ ሐጂ ሰይድ ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ኦልድ ካምፓላ ጨርቅ በጅምላ የሚሸጡ፣ የሙሉቀን የሱቅ ጎረቤት። ምን ዓይነት ገበያ ቢሆን የማያስማሙት ሰው የለም። ሁለተኛው ካባላጋላ ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው ጋሽ ዘውዴ ናቸው፤ መሪያችን። ሦስተኛው እኔ፣ ባለ ኮቱ።

ጋሽ ዘውዴ በሁለቱ ሽንፈቶች ላይ ብዙ አሰላስለው አንድ መደምደሚያ ላይ ደረሱ። የተሸነፍነው ባዶ እጃችንን ስለሄድን ነው። ስጦታ ማለታቸው አይደለም። «ሽማግሌ በእጁ ጭራ ካልያዘ ማን ይሰማዋል? በአገራችን እኮ ጭራውን አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ሲያደርገው ቤቱ ጸጥ ይላል» አሉ። የፈረስ ጭራ ካምፓላ ላይ ከየት ይመጣል? ሰው ሁሉ በቦዳ፣ በሞተር ሳይክል ታክሲ፣ በሚሄድበት ከተማ ፈረስ መፈለግ ራሱ ድካም ነው። ጋሽ ዘውዴ ግን አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት አንድ ጓሮ ገብተው፣ ከዛገ ሚዛንና ከተሰበረ ግራሞፎን ሥር፣ የሚሹትን አገኙ። የክንድ ያህል የሸምበቆ እጀታ፣ በአንድ ጫፉ የተሰነጣጠቀ የብረት ቀበቶ የታጠቀ የናስ ጉልላት፣ በሌላው ጫፉ የተንዘረፈፈ የጨርቅ ዘርፍ። ጉልላቱን በሎሚና በአመድ ፈትገው እንደ ወርቅ አብለጨለጩት። ዘርፉን በሳሙና አጥበው ገመድ ላይ አሰጡት። ናሱ በመዳፋቸው ሙሉ ሲያዝ፣ ዘርፉ ከፊታቸው ሲወዛወዝ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያምርባቸው ነበር።

እሑድ ጠዋት፣ ጋሽ ዘውዴ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ተገናኘን። የሐጂ መኪና ጋራዥ ነበረች፤ ስለዚህ በሦስት ቦዳ ተከታትለን ወጣን። የካምፓላን ቦዳ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጉድጓድ አይመርጥም። በየጉድጓዱ ጋሽ ዘውዴ ወደ ላይ ብድግ ይላሉ፣ ናሱም የሾፌሩን የራስ ቁር ቋ ያደርገዋል። ሾፌሩ ቀስ በል የተባለ እየመሰለው ዞር ብሎ ይስቃል። ኪሱጉ ደረስን። የሻምበል በር ላይ ደወል የለም፤ የብረት በር ነው። ጋሽ ዘውዴ ጭራቸውን ገልበጥ አድርገው በናሱ ሦስት ጊዜ አንኳኩ። ደጉ! ደጉ! ደጉ! ያን ድምፅ እስከ ዛሬ በሕልሜ እሰማዋለሁ።

ሻምበል ከፈቱ። «እንደምን አደራችሁ» ብለው ጎንበስ አሉና ቀና ሲሉ ዓይናቸው የጋሽ ዘውዴ እጅ ላይ ዐረፈ። እዚያው ቀረ።

«ጋሽ ዘውዴ» አሉ በቀስታ፣ «እባክዎ እንዳይንቀሳቀሱ።»

ጋሽ ዘውዴ ነገሩ የገባቸው በሌላ በኩል ነበር። ጭራው ሥራውን የጀመረ መሰላቸው። ፈገግ ብለው አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ አደረጉት።

«እንዳይንቀሳቀሱ አልኩ!» ይህ ድምፅ ሌላ ድምፅ ነው፤ አንድ ሜዳ ሙሉ ምልምል ቀጥ የሚያደርግ ድምፅ። እኔና ሐጂ ሳናስበው እግራችንን ገጠምን። «የያዙት ጭራ አይደለም። የእጅ ቦንብ ነው። እሱንም ገልብጠው ነው የያዙት።»

ከመንገዱ ማዶ ሮሌክስ የሚሉትን በቂጣ የሚጠቀለል ዕንቁላል የሚጠብሰው ሰውዬ ዕንቁላል ሲሰብር ጥርት ብሎ ይሰማን ነበር። ሻምበል ያለ ጥድፊያ ቀርበው የጋሽ ዘውዴን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቁ። ዕቃውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ትንሽ አዩት። ከዚያ ግቢው ጥግ ለግንበኛ ሥራ ከተከመረው አሸዋ ላይ አጋድመው አስቀመጡት። ማህሌትን ከቤት አስወጧት፤ ለፖሊስ ደወሉ፤ ሁላችንንም በግቢው ሌላ ጥግ ካለው፣ ፌኔ ከሚሉት የፍሬ ዛፍ ግንድ ኋላ አሰለፉን። ፖሊሶቹ «የሚያውቁ ሰዎች እስኪመጡ ማንም እንዳይነካው» ብለዋል። የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው የሚመጡት።

«በምን ነበር በሩን ያንኳኳችሁት?» ሲሉ ጠየቁን ሻምበል።

ሦስታችንም መሬት መሬት አየን።

ልብ በሉ እንግዲህ። የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም፤ ደንብ ነው። ብንቀመጥስ በምን ላይ? ወንበሩም፣ ማህሌት ሌሊቱን ሙሉ የሠራችው ወጥም ቤት ውስጥ ቀርቷል። ጥያቄውን እናንሳ እንዳንል ደግሞ ለአንድ አባት ደጁን ቦንብ ይዘው አንኳኩተው «ልጅዎን ይስጡን» ማለት ምን እንደሚመስል አስቡት። ጋሽ ዘውዴ ግድግዳ መስለዋል። ሐጂ ሰይድ በሹክሹክታ ዱዓ ያደርጋሉ። ሙሉቀን ሱቁን ዘግቶ ወደ ጁባ ሲሄድ ታየኝ። ዝምታው ሲጨንቀኝ አንድ ነገር ልጠይቅ ብዬ አፌን ከፈትኩ። «ሻምበል፣ ለመሆኑ ለቦንብ ጭራ ምን ያደርግለታል?»

ሻምበል ዞረው አዩኝ። ፊታቸው ላይ የመጣውን ነገር በምን ልግለጽላችሁ? ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ ቤት መስኮቱ ሲከፈት እንደማየት ነበር።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። «ይህ የእንግሊዝ ነው። የእጅ ቦንብ ድሮ ነበረ፤ የብረት ኳስ፣ ክር የሚለኮስለት። ከዚያ ጊዜ አለፈበት ተብሎ ተረሳ። የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት ሩሲያና ጃፓን ሲዋጉ እንግሊዞች ታዛቢ ላኩ። ታዛቢዎቹ ምሽግ ለምሽግ የተፋጠጠ ወታደር ቦንብ በእጁ ሲወራወር አይተው ደንግጠው ተመለሱ። ይህ የዚያ ድንጋጤ ልጅ ነው። አሁን ጭራው። ይህ እንደ በኋለኞቹ ቦንቦች ሰከንድ ቆጥሮ አይፈነዳም። አፍንጫው አንድ ነገር ሲመታ ነው የሚፈነዳው። ስለዚህ በጎኑ ቢወድቅ ዋጋ የለውም፤ በአፍንጫው መውደቅ አለበት። በአፍንጫው እንዲወድቅ ከኋላው ነፋስ የሚይዝ ጨርቅ ታሰረለት። ዘርፉ አቅጣጫ ጠባቂ ነው እንጂ ለዝንብ አይደለም።»

ይህን ሲሉ ጋሽ ዘውዴን አላዩም፤ ጨዋ ሰው ናቸው።

«እጀታውስ?» አልኩ። ሐጂ በክርናቸው ጎሰሙኝ፤ አልሰማሁም።

«ወደ እሱ ልመጣ ነው። እጀታው ሩቅ ያስወረውራል። ረጅም ዱላ ይዘህ ክንድህን ወደ ኋላ ትወስድና ትለቀዋለህ። ሜዳ ላይ ሞከሩት፤ ግሩም ሆነ። መሐንዲሱ ተደሰተ፤ ጄኔራሉ ተደሰተ። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ወታደሩ ምሽግ ገባ። ምሽግ ምንድን ነው? ጠባብ ቦይ ነው። ከፊትህ አፈር፣ ከኋላህ አፈር። ወታደሩ ከፊቱ ያለውን ጠላት እያየ ክንዱን ወደ ኋላ ሲሰነዝር…» ክንዳቸውን ወደ ኋላ ሰነዘሩ፤ መዳፋቸው የፌኔውን ግንድ ጧ አደረገው። ሁላችንም ዘለልን። «የኋላው ግድግዳ አፍንጫውን መታው። አለቀ። እሱም፣ አጠገቡ ያሉትም። የሠሩት ሰዎች ሜዳ ላይ ነው የሞከሩት፤ አንድም ቀን ምሽግ ውስጥ ገብተው አልሞከሩትም።»

ይህን ስሰማ ሐሳቤ ከግቢው ወጣ። የኛንም ነገር አሰብኩ። ስንቱ የኮሚቴ ስብሰባችን፣ ስንቱ «አልለቅለትም» ብለን የጀመርነው ጠብ፣ ሜዳ ላይ ሲታሰብ ግሩም የነበረ! ከፊት ያለውን እያየን ክንዳችንን ወደ ኋላ እንሰነዝራለን፤ ከኋላ የቆመው ግን ሚስት ናት፣ ልጅ ነው፣ ወዳጅ ነው። እዚህ ከተማ ላይ ሁለት ማኅበር ተጣልቶ አራት ሲሆን ያየሁት በሌላ ምክንያት አይደለም።

«ከዚያስ ምን አደረጉ?» አልኩ።

«እጀታውን አሳጠሩት። እሱም በቂ አልሆነም። ወታደሩ ራሱ የማርማላታ ጣሳ እያነሣ የራሱን መሥራት ጀመረ። በመጨረሻ ያቺ ዕንቁላል የምትመስለዋ መጣች፣ ቀለበት ያላት፤ እጀታ የሚባል ነገር ቀረ።» ሻምበል ቀጠሉ። የብረት ቀበቶው ለምን እንደተሰነጣጠቀ፣ ናሱ ለምን እንደማይዝግ፣ ምልምሎች ሲያዩት ምን ብለው እንደሚጠይቁ። አንድ ሰዓት አለፈ። ሐጂ ሰይድ ረሃቡ ሲጠናባቸው ከማዶ ሮሌክስ አስመጡ። «መልስ ሳናገኝ አንበላም ተባብለን አልነበር?» አልኳቸው። «ኧረ ይሄ ቂጣ ነው፣ ምግብ መች ሆነ!» አሉና ጎረሱ።

ያኔ ነው ማህሌትን ያየኋት። ከአባቷ በስተኋላ ቆማለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መሰለኝ። ትኩር ብዬ ሳይ ሻምበል ቃል በወጣቸው ቁጥር እሷም ያንኑ ቃል ያለ ድምፅ ትላለች። «አቅጣጫ ጠባቂ ነው እንጂ…» ብለው ሲደግሙ እሷም «እንጂ»። ትምህርቱን ከአንደኛው ቃል እስከ መጨረሻው በቃሏ ታውቀዋለች። ስንት ምሽት፣ ስንት እራት ላይ እየሰማች እንዳደገች አሰብኩ።

ፖሊሶቹ መጡ። መሪያቸው አንዲት ኢንስፔክተር ናት፤ እንደ አገሯ ልማድ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ «እንደምን ነዎት፣ ሴቦ» አለቻቸው ሻምበልን፤ «ጌታዬ» ማለት ነው። ሻምበል ገለጻውን ከሩሲያና ከጃፓን ጀመሩላት። እኔ አስተርጓሚ ነኝና መሃል ገባሁ። እሳቸው አንድ ገጽ ይናገራሉ፤ እኔ አንድ መስመር እላለሁ። «አሳጠርከው!» ብለው ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው፤ አሳጥሬዋለሁ። ሴትዮዋ ግን ትዕግሥተኛ ናት፤ ሰማቻቸው። ከዚያ ሁላችንንም ወደ ውጭ አውጥታ ሄዳ መረመረችውና ስትመለስ ፈገግ አለች። ውስጡ ባዶ ነው፤ ባሩድም፣ አቀጣጣይም ያልገባበት፣ ድሮ ወታደር ሲማርበት የነበረ ነው። እንደዚያም ሆኖ ይዛው ትሄዳለች፤ ሕጉ ነው። ጋሽ ዘውዴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። «ዘርፉን ብቻ መልሱልኝ በላት» አሉኝ። አልተረጎምኩላቸውም።

መኪናዋ ከሄደች በኋላ ሻምበልን ዞር አድርጌ «ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«በእጄ እንደያዝኩት። የአቀጣጣዩ ቀዳዳ ባዶውን ነው።»

«ታዲያ?»

«ፖሊስ መጥራቱ ግዴታ ነው። 'አውቃለሁ' ያለ አስተማሪ ቀብሬአለሁ» አሉ። ሲቀጥሉ ድምፃቸው ያ ሜዳ የሚያቆመው ድምፅ አልነበረም። «ብነግራችሁ ደግሞ ወዲያው ወደ ጥያቄያችሁ ትመለሱ ነበር። ልጁ ክፉ አይደለም። አውቀዋለሁ፣ ታታሪ ነው። እሷ ከሄደች ግን… እኔ ይህን ሁሉ ለማን ነው የማወራው? ግድግዳ አይጠይቅም። እጀታውስ አይልም።»

ማህሌት ሰምታ ኖሮ ቀረበች። «አባዬ፣ ቤት የምንከራየው እኮ እዚሁ ኪሱጉ ነው» አለች። «ቡና የምገዛበት ሱቅ ጋ። ከደጅህ ሆነህ ብትጠራኝ እሰማለሁ።»

«መስማቱንስ ስትሰሚ ኖረሻል፣ ልጄ» አሉ ሻምበል። «አንዴም አልሰለቸኝም ብለሽ ዋሽተሽኛል።» እንባቸው መጣ፤ አልደበቁትም። እኔም አልደበቅሁም።

እዚህ ላይ ነው ገበያ ማስታረቅ የሚያውቀው ሰው የገባው። ሐጂ ሰይድ የሮሌክሱን ቅባት በመሐረባቸው ጠረጉና «ሻምበል» አሉ፣ «ጠያቂ አይደል የፈለጉት? ይኸው ጠያቂ!» ብለው ትከሻዬን ያዙ። «ሁለት ሰዓት ሙሉ ዓይኑን ሳያርገበግብ ሲሰማዎት አላዩም? ሥራው መስማት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣልዎታል። እኛ ዋስ ነን።»

«ዋስ ነን» አሉ ጋሽ ዘውዴም፣ ቶሎ።

እኔን የጠየቀኝ የለም። ሻምበል አዩኝ። ማህሌት አየችኝ። ሙሉቀን በዚያ ሰዓት ሱቁ ደጅ ላይ ስልኩን ጨብጦ እንደቆመ አውቃለሁ። «እመጣለሁ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ሻምበል እንባቸውን ጠርገው «እንግዲያው ግቡ፣ ተቀመጡ፤ ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። ከሦስት ጉዞ በኋላ ያ ሶፋ ላይ ዐረፍን። ወጡ ቀዝቅዞ ነበር፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ወጥ ግን አላስታውስም።

ሠርጉ ካለፈ ዓመት ሞላው። ሁለቱ ደስተኞች ናቸው፤ እዚያው ኪሱጉ፣ ከቡናው ሱቅ በላይ ባለው ቤት ይኖራሉ፤ ለቅዳሜ ግን እምብዛም አይመጡም፤ እኔ አለሁላ። ሰው ሲያየን ሙሉቀን የሻምበልን ልጅ አገባ ይላል። ልጅቷን ያገባው እሱ ነው፤ አባትየውን ያገባሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ መጀመሪያ ለቃሌ ስል ነበር የምሄደው። ባለፈው ቅዳሜ ወባ ይዞኝ ቀረሁ። ብርድ ልብስ ተከናንቤ ተኝቼ ሳለ አንድ ነገር ጎደለኝ፤ ምን እንደሆነ ለራሴ መናገር አፍሬ ነበር። ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ሻምበል ደምሴ ናቸው፤ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ በአንድ እጃቸው ማህሌት የላከችው የወባ መድኃኒት፣ በሌላው የታጠፈ ወንበር። ወንበሩን አልጋዬ አጠገብ ዘርግተው ተቀመጡ። ግንባሬን ዳሰሱ። መድኃኒቱን አስዋጡኝ።

«እህስ» አሉ፣ «የት ላይ ነበር ያቆምነው?»